ፎቶው ላይ ያለችው ቢት አረንጓዴ ናት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ጥፍር እሠራለሁ፣ በሥራው ላይ 11 ዓመት ሆነኝ። ጋዜጣችሁን ደንበኞቻችን ወረፋ ሲጠብቁ እንዲያነቡት ብለን እንገዛለን። እውነቱን ለመናገር እነሱ ስልካቸውን ነው የሚያነቡት፣ ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር የምጨርሰው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰሞን በውበት ገጻችሁ ላይ የጥፍር ማሽን ጥፍር ይጨርሳል፣ ከማሽን ራቁ የሚል ጽሑፍ አወጣችሁ። ግማሹን ተስማማሁበት፣ ግማሹ አናደደኝ። ከጽሑፉ በላይ ያበሳጨኝ ግን ፎቶው ነው። ጥፍር ላይ የምንደርባቸው ሽፋኖች፣ ጄልም አክሪሊክም፣ የሌለበት ባዶ ጥፍር ላይ ማሽን ተደቅኗል፣ ማሽኑ ጫፍ ላይ ያለችው ቢት አንገት ላይ ደግሞ አረንጓዴ ቀለበት በግልጽ ይታያል። አጠገቤ ለምትሠራው ልጅ ጋዜጣውን ዘርግቼ ሳሳያት «እንዴ፣ ጥፍሩን ሊነቅሉት ነው?» አለችኝ።

ምን እንዳስደነገጣት ላስረዳ። ድሪል የምንለው ማሽን ለብቻው ምንም አያደርግም፣ የሚያሽከረክር ሞተር ነው። ሥራውን የምትሠራው ጫፉ ላይ የምትሰካዋ ትንሽ ዘንግ ናት፣ ቢት እንላታለን። ቢት በሻካራነቷ ትለያያለች፣ አንገቷ ላይ ያለው ቀለበትም ሻካራነቷን ይናገራል። ቢጫ በጣም ለስላሳ፣ ቀይ ለስላሳ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ አረንጓዴ ሻካራ፣ ጥቁር ደግሞ ከሁሉም የባሰች። ነገሩ ከጥርስ ሐኪሞች የመጣ ነው፣ እነሱም የአልማዝ ቢቶቻቸውን በእነዚሁ ቀለሞች ይለያሉ። የእኛ ቢት ዘንግ ውፍረት 2.35 ሚሊ ሜትር ነው፣ እሱም ከጥርስ ላቦራቶሪ መሣሪያ ጋር አንድ ነው። እንግዲህ አረንጓዴዋ የምትጠቅመው ወፍራም አክሪሊክ ለማንሳት ነው። የሰው የእጅ ጥፍር ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው። አረንጓዴ ቢት ባዶ ጥፍር ላይ ማሳረፍ ድንች ለመላጥ መጥረቢያ እንደማንሳት ነው።

ስለዚህ ጽሑፋችሁ ማሽን ጥፍር ይጨርሳል ሲል፣ ፎቶው እንዴት አድርጎ እንደሚጨርሰው እያሳየ ነበር ማለት ነው፣ ያውም ሁሌም የሚሠራው እንዲህ ነው በሚል መልክ። እኔ የምለው ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የቢቷ ምርጫና የያዛት እጅ ነው።

ራሴን ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም ይሄን የምጽፈው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ወር ላይ፣ ሠርግ በሠርግ የሚደራረብበት ጊዜ፣ 30 ቢት በአንድ ሣጥን የተደረደረበት ስብስብ ከመርካቶ ገዛሁ። ሣጥኑ ያብረቀርቃል፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ እኔም ባለሙሉ ዕቃ የሆንኩ መሰለኝ። በዚያው ሳምንት አንዲት ሙሽራ መጣች፣ ሠርጓ በማግስቱ ነው። የድሮ ጄሏን ሳነሳ ቢቷን በጥፍሩ ላይ አጋድሜ መያዝ ሲገባኝ በጫፏ አዘንብዬ ይዣታለሁ፣ ቸኩያለሁ፣ ከኋላዬ አራት ሚዜዎች ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ልጅቷ አንዴ ጣቷን ሰብሰብ አደረገች። «አመመሽ?» አልኳት። «አይ፣ ምንም አይደል» አለችኝ። ይሉኝታ ነው እንግዲህ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጄሉን ለማስነሳት ስትመለስ ጥፍሮቿ ሥር ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቀይ መስመር ወጥቶ አየሁት። የእሳት ቀለበት ይሉታል በሙያው። ጥፍሩ በዚያ መስመር ላይ ሳስቷል ማለት ነው፣ ሲነኩት ያማል፣ አንዳንዴም ከዚያው ይሰበራል። ገንዘቧን መለስኩላት፣ ጥፍሯን ግን ከየት አባቴ አምጥቼ ልመልስላት?

የሳሳ ጥፍር በቅባትም በቫይታሚንም አይወፍርም፣ አድጎ መውጣት ብቻ ነው ያለው። ይሄን መጀመሪያ ያሳየችኝ አያቴ ናት፣ እንሶስላ ስትሞቅ። ለበዓል ትሞቅና ቀለሙ ከእጇ ቆዳ ላይ ብዙም ሳይቆይ ይለቃል፣ ጥፍሯ ላይ ያለው ግን ንቅንቅ አይልም። ከሥር አዲሱ ጥፍር እየገፋው፣ ቀዩ ቀስ እያለ ወደ ጫፍ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ቀለሙ የሚራመድ ይመስለኝ ነበር። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፣ ሙሉ ለሙሉ እስኪታደስ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። የሙሽራዋ ቀይ መስመርም እንደ አያቴ እንሶስላ እየተራመደ፣ ጥር የተሠራው ክረምት ሲገባ ወጣ።

ያንን የ30 ቢት ሣጥን በኋላ ቁጭ ብዬ መረመርኩት። ግማሹ ሲሽከረከር ይወላገዳል። አሁን ቢት ስገዛ የማደርገው ይሄን ነው፣ ማሽን ላይ ሰክቼ በዝግታ አሽከረክራታለሁ፣ ጫፏን አያለሁ። ቀጥ ያለች ቢት ስትሽከረከር የቆመች ትመስላለች። ጫፏ ሁለት ሆኖ ከታየኝ፣ ወይም እጀታው እጄ ውስጥ ከተርገበገበ፣ ዘንጓ ጠማማ ነው፣ በነጻም ቢሰጡኝ አልወስዳትም። ጠማማ ቢት ጥፍሩን አታሞርደውም፣ ትቀጠቅጠዋለች። ጥሩ ቢትም ብትሆን አንዴ መሬት ከወደቀች እንደገና ታይታ ነው የምትመለሰው። ቀለበቱንም ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ አላምነውም፣ በርካሽ ስብስብ ላይ ቀይ የተቀባችው ከሰማያዊዋ የምትሻክርበት ጊዜ አለ፣ ካርባይድ ከሚባለው ብረት የተሠሩ ቢቶች ላይ ደግሞ ቀለሙ ከአምራች አምራች ይለያያል። ማሽኑ ሳይነሳ በጣት ዳሰስ ማድረግ ነው።

የተሠራችበትም ነገር ወሳኝ ነው። ካርባይድ እጅግ ጠንካራ ብረት ነው፣ እላዩ ላይ የተፈለፈሉ ጥርሶች አሉት፣ ጄሉን እንደ ምላጭ ይላጨዋል፣ የሚወጣውም ፍርፋሪ መሰል ነው። ስለሚላጭና ስለማይፍቅ ብዙ አይግልም። አክሪሊክና ጄል ለማንሳት ከእሱ የሚሻል የለም፣ ባዶ ጥፍር ላይ ግን እኔ አላስነካውም፣ ጥርሱ ይነክሳል። ሴራሚክም ጥርስ አለው፣ ሙቀቱ ከካርባይድም ያነሰ ነው፣ ችግሩ ከእጅ ካመለጠ እንደ ሲኒ መሰበሩ ነው። አልማዝ ሲባል ደግሞ ጌጣጌጥ እንዳይመስላችሁ፣ የአልማዝ ብናኝ ብረት ላይ ተጣብቆ ነው፣ ጥርስ የለውም፣ እየፋቀ ነው የሚሠራው። አቧራው እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ ከተጫኑት ይግላል። ቢጫና ቀይ አልማዝ፣ ቅርጿ የሻማ ነበልባል የመሰለችው ወይም እንደ ትንሽ ኳስ ክብ የሆነችው፣ ጥፍር ሥር ላይ የተለጠፈችውን የሞተች ቆዳ ለማጽዳት ናት። እሷ ላይ ነው ዘንድሮ ሁሉም የተረባረበው፣ የሩሲያ ማኒኪዩር እያሉ። አሠራሩ ሲያምር ያምራል፣ አልዋሽም። ግን የሞተችውን ቆዳ አልፎ ሕያው ቆዳ ውስጥ መግባት በአንድ ትንፋሽ የሚሆን ነገር ነው፣ ያቺ ቆዳ ደግሞ በር ናት፣ ከተከፈተች ጀርም ሰተት ብሎ ይገባል። በቪዲዮ ሁለት ጊዜ አይታ በማግስቱ ሰው እጅ ላይ የምትሞክር ልጅ ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ከሁሉም በላይ ብዙ ቤት የማየው ግን የብርጭቆ ወረቀቷን ነው። ትንሽ ጎማ ወይም ብረት ላይ እንደ ካልሲ የምትጠለቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀለበት ናት፣ ርካሽ ስለሆነች ሁሉም ይወዳታል። ቁጥር አላት፣ 80፣ 150፣ 240፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራነቱ ይብሳል። ቶሎ ነው የምትግለው፣ ስለዚህ ማሽኑን አፍጥኖ እሷን መጠቀም ደንበኛውን መጥበስ ነው። ሌላው ደግሞ ወረቀት ናት! አትታጠብም፣ አትቀቀልም። ለአንድ ሰው አንድ፣ ከዚያ ቆሻሻ መጣያ። ዋጋዋ ከአንድ ስኒ ማኪያቶ እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ አንዷን ቀኑን ሙሉ በአሥር ሰው ጥፍር ላይ የሚያዞሩ ቤቶች አሉ።

ፍጥነቱን ሰዎች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። የኔ ማሽን እስከ 35,000 ዙር በደቂቃ ይሄዳል፣ አንድም ቀን እዚያ አድርሼው አላውቅም። ባዶ ጥፍር አጠገብ በለስላሳ ቢት ስሠራ 5,000 አላልፍም፣ ወፍራም አክሪሊክ በካርባይድ ሳወርድ 15,000 ወይም 20,000 ላይ አደርገዋለሁ። እዚህ ላይ ጀማሪዎች አንድ ነገር ይሳሳታሉ። ፈርተው በጣም ያዘገዩታል፣ ሲያዘገዩት አልነሳ ይላቸዋል፣ አልነሳ ሲላቸው ይጫኑታል፣ ሲጫኑት ቢቷ ትይዝና ዘላ ቆዳ ላይ ታርፋለች። ማሽኑን መጫን አያስፈልግም፣ የእጀታው ክብደት በራሱ ይበቃል። ቢቷ አንድ ቦታ ላይ መቆም የለባትም፣ ነካ አድርጎ ማንሳት፣ ነካ አድርጎ ማንሳት። ስትሄድም ከምትሽከረከርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው፣ አብራ ከሄደች ታመልጣለች። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ግራኝ ናት፣ እሷ ማሽኑን በሪቨርስ፣ ወደ ተቃራኒ እያሽከረከረች፣ ነው የምትሠራው፣ ያስተማረቻት ሴት ግን ይሄን ሳትነግራት ሁለት ወር ሙሉ «እጅሽ ሰነፍ ነው» እያለች ስትወቅሳት ኖራለች። ለቀኝ እጅ የተፈለፈለ ካርባይድ በተቃራኒው ሲሽከረከር አይቆርጥም፣ ጥርሱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የተጣለፈ ሌላ ዓይነት አለ፣ እሱን ገዛንላትና አሁን ከኔ ትፈጥናለች።

ጄል ሲነሳ ደግሞ እስከ ባዶ ጥፍር ድረስ መውረድ የለበትም። የመጨረሻዋን ስስ ሽፋን እንተዋለን፣ አዲሱ እላይዋ ላይ ይሠራል። ሙሉ በሙሉ ይነሳልኝ የምትል ደንበኛ ካለች ስሷን ሽፋን በአሴቶን ነክረን በእንጨት ገፋ ማድረግ ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ሃያ ደቂቃ የሌለው ሰው ሌላ ቀን ይምጣ።

ስለ ማሽኑ ራሱ አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልለፈው። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ጥሩ ማሽን ላከችልኝ፣ በደስታ ሰካሁት፣ ለካስ 110 ቮልት ነው፣ የኛ 220፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ከውጭ ዘመድ የሚልክላችሁ ካለ ከሳጥኑ ጀርባ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ መጀመሪያ ይላክላችሁ። የእንጨትና የብረት ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ትንሽ መቦርቦሪያ ለጥፍር ያዋለ ሰውም አይቻለሁ። የእሱ ቢት ዘንግ 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከኛ ጋር አይገጥምም፣ አይገጥምም ማለት ደግሞ ለዚህ አልተሠራም ማለት ነው።

አሁን ወደ ንጽሕናው ልምጣ፣ ጽሑፋችሁ አንድ መስመር እንኳ ያልሰጠው እሱን ነው፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው። ቢት የሰው ጥፍር፣ የሰው ቆዳ፣ አንዳንዴም ዓይን የማያየው የሰው ደም ይዛ ትቀራለች። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል። ሰባት ቀን! ሰኞ የተሠራች ሴት ቢት ላይ የቀረ ነገር እሑድ የተሠራችውን ሊያገኛት ይችላል። ቢትን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠረግ አድርጎ «ንጹሕ ናት» ማለት ራስን መሸንገል ነው፣ ጥርሶቿ መሐል የተጠቀጠቀው አቧራ ንክችም አይል። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ በብሩሽ ትፈተጋለች፣ ትደርቃለች፣ ከዚያ ነው መድኃኒት ውስጥ የምትዘፈቀው፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል፣ ብዙዎቹ 10 ደቂቃ ይላሉ። ሳትታጠብ መድኃኒት ውስጥ ብትከርም ዋጋ የለውም፣ መድኃኒቱ ቆሻሻውን አልፎ ብረቱ ጋ አይደርስም። በረኪና ይበቃል የሚሉ አሉ፣ ጀርሙን ይገድላል፣ ግን ካርባይዷንም ይበላታል፣ ዝጋ ትወጣለች። አቅም ያለው ሐኪም ቤት ያለውን ዓይነት በእንፋሎት የሚቀቅል አውቶክሌቭ ያስገባል፣ 121 ዲግሪ ላይ፣ ያ የመጨረሻው አስተማማኝ ነገር ነው። እኛ ገና አልደረስንበትም፣ ዕቁባችን ሲወጣ ተብሎ ቀጠሮ ተይዟል። ሰማያዊ መብራት ያላት ሣጥን ግን አታታልላችሁ፣ እሷ የጸዳ ዕቃ ማስቀመጫ ናት፣ ብርሃኑ ያልነካው ጥርስ መሐል ምንም አትሠራም።

ደንበኞች ይሄን መጠየቅ መብታችሁ ነው። የኛ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ሹካውን በሶፍት ይጠርጋል፣ ጥፍር ቤት ግን ከሌላ ሰው ጣት የወጣች ቢት ስትመጣበት ዝም ይላል። «ይቺ ታጥባለች ወይ?» ማለት ነውር አይደለም። ብርጭቆ ወረቀቷ ከእሽጉ ስትወጣ ዓይናችሁ ይይ። ሲያቃጥላችሁ ደግሞ ወዲያው ተናገሩ። ጥፍሩ ራሱ ስሜት የለውም፣ የሚያቃጥላችሁ ከሥሩ ያለው ሥጋ ነው፣ ሙቀቱ እዚያ ደርሷል ማለት ነው፣ እና እኛ ከውጭ ሆነን ልናውቅ አንችልም። «አይ፣ ምንም አይደል» የምትለዋን ነገር ለእንግድነት አስቀምጧት። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ሳትቀመጡ በፊት ንገሩን፣ በተለይ ለእግር፣ እግር ስሜቱ ቀንሶ ከሆነ ተረከዝ የምታሞርድ ቢት ስታቆስላችሁ አይታወቃችሁም።

አቧራውንም እንዳትረሱት፣ እኛ ባልደረቦቼ ለማለት ነው። ጭንብል ሳታደርጉ ቀኑን ሙሉ አክሪሊክ እየተነፈሳችሁ ቡናችሁን ክፍቱን አጠገባችሁ ታስቀምጣላችሁ። እኔ ራሴ ለዓመታት አድርጌዋለሁ፣ ስኒው ላይ የሚንሳፈፈውን ነጭ ነገር ስኳር ነው ብዬ።

አሁን ማሽኑን ገዝተው ቤት ውስጥ ራሳቸውን የሚሠሩ ልጆች በዝተዋል፣ አትሥሩ ብል የሚሰማኝ የለም። ቢያንስ ከስብስቡ ውስጥ አረንጓዴዋንና ጥቁሯን አውጥታችሁ ለሰው ስጡ፣ የሚፈልጋት አናጢ አይጠፋም። በቀኝ እጅ ግራውን ቆንጆ አድርጋችሁ ትሠሩና ተራው የቀኙ ሲሆን በግራ እጅ ማሽን መያዝ ይመጣል፣ እኛ ጋ አልቅሰው ከሚመጡት አብዛኞቹ የተጎዳው ቀኝ እጃቸው የሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ናት። ጽሑፉን አስተባብሉ አላልኩም፣ ፎቶውን ግን አስተካክሉልኝ። አንዲት ልጅ ያንን ገጽ ቆርጣ መስታወቷ ላይ ለጥፋ «ጋዜጣ ላይም እንዲህ ነው የሚይዙት» እያለች እንድትለማመድበት አልፈልግም። ሌላ ፎቶ ከሌላችሁ ፎቶ አንሺያችሁን ወደኛ ላኩት፣ ቀይ ቀለበት ያላት ቢት፣ በጥፍሩ ላይ ተጋድማ፣ አዲስ ታጥባ፣ እጁንም እኔው እሰጣለሁ። ሰኞ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ቅዳሜ ግን አደራ፣ ቅዳሜ መቆሚያም የለንም።

ጥፍር ሠሪዋ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ